ሮብ ዕለት የተደፋው ቡሌ

ግዛው የሞተው ሮብ ዕለት ምሳውን በልቶ ቢሮው ውስጥ ጋደም ባለበት ነው። ቤተሰቡ «ደም ግፊቱ ነው» ብሎ ሊቀብረው ሲሰናዳ ሐኪሙ አስከሬኑን አልለቅም አለ፤ ዓርብ ጠዋት ደግሞ ሆዱ ውስጥ የአይጥ መርዝ መገኘቱን ተናገረ። ላፍቶ ያለው ምግብ ቤቱ ተዘጋ። ምግብ አብሳይዋ ራኬብ በሁለት ፖሊሶች መካከል ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ኢንስፔክተር ዓለሚቱም ተጠራች።

ዓለሚቱ ቁጭ ብሎ ማሰብ የማይሆንላት ሴት ናት። ገና እንደገባች አዳራሹን ሁለቴ ዞረች፣ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፍታ ዘጋች፣ ወንበር ሲያቀርቡላት ገፋ አድርጋ አለፈችው። ያቁነጠነጣት ጉዳዩ ራሱ ነው። ሟች ብቻውን አልበላም፤ ከአንድ ትሪ ሦስት ሰው በልቶ ሁለቱ ጤነኞች ናቸው። ፖሊሶቹ ግን «ምግቡን ማን ሠራው?» ብለው ራኬብን ይዘዋል። እስከ ማታ ሌላ ነገር ካልተገኘ ፉሪ ያለ የሚጠባ ልጇን ትታ ጣቢያ ማደሯ ነው።

«ሮብ ዕለት ከጋሽ ግዛው ጋር ተጨቃጭቀሻል አሉ።»

«መቼ ሳንጨቃጨቅ ውለን እናውቃለን!» አለች ራኬብ፤ ዓይኗ አብጧል። «ሰው የማይጨርሰውን ወጥ ለምን ትጨልፊያለሽ ይለኛል። ምግብ ሲደፋ ማየት አይችልም። ሁለት ሆነው ለአራት የሚበቃ የሚያዙ ደንበኞችን እንኳ ሄዶ ይቆጣል። እኔ ለዚህ ብዬ ሰው ልገድል?»

«አብረውት የበሉትስ?»

«አጋሩ አቶ አህመድ፣ ደግሞ የእህቱ ባል ኤልያቄም። ሮብ ሮብ አንድ ላይ ነው የሚበሉት። አቶ አህመድ ሙስሊም ነው፣ የእኛን ሥጋ አይበላም። የጾም በየዓይነቱ ሲሆን ግን ሁሉም አንድ ትሪ ይቀርባሉ።»

«ትሪውን እንዴት አሰናዳሽው?»

«እንደ ሁልጊዜው። ሁለት እንጀራ ደራርቤ አነጠፍኩና ወጡን ላመጣ ጓሮ ወጣሁ።» ራኬብ አሰበች። «ያን ቀን የአዳራሹ ውሃ ጠፍቶ ነበር። አቶ አህመድም ኤልያቄምም እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥ ቤት ገብተዋል። ስመለስ ታጥበው ወጥተዋል፤ ማን እንደቆየ አላየሁም።»

አህመድ ቃል መርጦ የሚናገር ሽማግሌ ነጋዴ ነው። በጓደኛው ሞት ትከሻው ወድቋል።

«እኔና ኤልያቄም በጥቅሉ እንጀራ ከላይ ከላይ ነው የምንበላው» አላት። «ግዛው ግን ከሥር ያለውን፣ ወጥ የጠጣውን እንጀራ ሳይጨርስ ትሪ አያስነሳም። እኛ እጃችንን ሰብስበን እንስቅበታለን፣ እሱ ይጠቀልላል። ሮብ ግን ግማሹን ትቶ ‹ሆዴን› ብሎ ተነሣ።»

ዓለሚቱ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች። «የተረፈው የት ሄደ?»

«ወደ ቡሌው በርሜል ነዋ። ከማዕድ የሚተርፈውን ሪሐና የምትባል ሴት በየቀኑ ወስዳ ለችግረኛ ልጆች ታበላለች።»

«ጋሽ ግዛው የሚያሳስበው ነገር ነበር?»

«ኤልያቄም የሚያስተዳድረውን የጀሞ ቅርንጫፍ ሊዘጋው አስቦ ነበር። ‹ደንበኞቹንም ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ› አለኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ኤልያቄም የተረጋጋና አንደበቱ የለዘበ ሰው ነው። ስለ ጀሞ ስትጠይቀው ‹ገበያ ቀዝቅዞ ነው› አለ። ስለ ራኬብ ሲጠየቅ አንገቱን ደፋ። «ክፉ ሰው አይደለችም። ንዴት ነው። ጌታ ይርዳት» አለ። ያልተፈረደባትን ሴት እንዲህ በርኅራኄ ሲቀብራት ዓለሚቱን ደስ አላላትም።

ሪሐና ባዶ ባልዲዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ሮብ ስመጣ በርሜሉ ታጥቦ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ እትዬ። ኤልያቄም ‹ተበላሽቷል፣ ደፋሁት› አለኝ። ልጆቹ ጦማቸውን አደሩ። እየተበሳጨሁ ስወጣ ነው ‹ጋሽ ግዛው ሞተ!› የሚል ጩኸት ከቢሮ የሰማሁት።»

«ከጀሞው ቤትስ ትወስጃለሽ?»

«ወላሂ አንድ ቀን አግኝቼ አላውቅም! ያን ሁሉ ሰው እያበሉ ሁልጊዜ ‹ትርፍ የለም› ነው። ለጋሽ ግዛው ባለፈው ሳምንት ብነግረው ፊቱ ጠቆረ።»

ዓለሚቱ ይህን ሰምታ ላፍቶ መቆየት አልቻለችም፤ ታክሲ ተሳፍራ ጀሞ ወረደች። ቤቱ ጢም ብሏል። በየዓይነቱ አዘዘችና ሳትጎርስ በሹካ እየገለበጠች መረመረችው። ጎመኑ ውስጥ ጫፉ የታኘከ፣ የተሰበረ ስቴኪኒ አገኘች። በሶፍት ጠቅልላ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ላፍቶ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። የሟች እህት ምሥጋና ጥቁር ለብሳ ከባሏ ከኤልያቄም አጠገብ ተቀምጣለች። ዓለሚቱ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተንጎራደደች ጀመረች።

«መርዙ ወጡ ውስጥ ቢሆን ሦስቱም ይሞቱ ነበር። ጥቅሉ እንጀራ ላይ ቢሆንም እንደዚያው። የተነሰነሰው በተነጠፉት ሁለት እንጀራዎች መካከል ነው። እዚያ ድረስ የሚበላው ጋሽ ግዛው ብቻ ነበር።»

«ይህን ሁላችንም እናውቃለን» አለ ኤልያቄም። «ራኬብም ታውቃለች።»

«ታውቃለች። አቶ አህመድም ያውቃሉ። ስለዚህ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ሬሳው ገና ሳይገኝ በርሜሉ ውስጥ መርዝ እንዳለ ያወቀው ማነው? ያን ሰዓት እኮ ስለ መርዝ ቀርቶ ስለ ሞት ያወራ አልነበረም።»

«እኔ የደፋሁት ሽታ ስለነበረው ነው!»

«የምሳ ሽሮና ምስር በዚያው ከሰዓት ይሸታል? እሺ ይሽተት።» ዓለሚቱ ሶፍቱን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። «ይህ ስቴኪኒ ዛሬ አንተ ቤት ካዘዝኩት ጎመን ውስጥ የወጣ ነው። ከአንዱ ደንበኛ ትሪ የተረፈውን እያሞቅህ ለሌላው ታቀርባለህ። ለሪሐና ትርፍ የጠፋው ለዚህ ነው። ጋሽ ግዛው ብክነት ይጠላ ነበር፤ ደንበኛውን በሰው ትራፊ ማታለልን ግን አብልጦ ጠላ። ሊዘጋብህና ሊያጋልጥህ ነበር።»

ኤልያቄም ላብ አጠመቀው። ምሥጋና ወንበሯን ከእሱ አራቀች።

«ሰው አኝኮ የተወውን የማትጥል ሰውዬ፣ ሮብ ዕለት ሙሉ በርሜል ደፍተህ በበረኪና አጠብክ። ለምን?»

ኤልያቄም ወደ ሪሐና ባልዲ አየና ዓይኑን ሰበረ።

«ልጆች ናቸው የሚበሉት» አለ በቀስታ። «ግዛው ጨርሶ የሚበላው መስሎኝ ነበር። ትሪው በርሜሉ ላይ ሲራገፍ አየሁ። ልጆቹን እንዴት አድርጌ…»

ዓለሚቱ አሰላችው። በርሜሉን ዝም ብሎ ትቶት ቢሆን ልጆቹ በወደቁ፣ ሰዉም በተበላሸ ምግብ ባመካኘ፣ ራኬብ ወይም ሪሐና እስር ቤት በገቡ ነበር። ሰውየውን ያስያዘው አንዲቱ ደግ ሥራው መሆኗ አንጀቷን በላው፤ ንዴቷን ግን አላበረደውም። ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠቻቸውና ራኬብን ለቀው እሱን ያዙት። ራኬብ ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ወደ ልጇ ሮጠች።

ምሥጋና ባሏ ፊት ቆመች።

«ለማታውቃቸው ልጆች አዘንክ። ወንድሜስ? ያንን እንጀራ ሲጠቀልል ፊት ለፊቱ ተቀምጠህ አየኸው?»

«አየሁት።»

«ምንም አላለህም?»

ኤልያቄም እንባው ወረደ። «‹ብላ እንጂ፣ ዛሬ ጣፍጧል› አለኝ» አላት።