በቹሮ ደረት ላይ የታዩት ሦስት ነጥቦች

ቹሮ የሚባለው ውሻ ደረቱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ሳንባው ንጹሕ ነው፤ ዕጢ የሚባል ነገር የለበትም። ጠዋት ግን ሲያስለው ራጅ ተነስቶ፣ ደረቱ ላይ ሦስት ዕጢ ታይቷል ተባለና የክሊኒኩ ሐኪም «ከሚሠቃይ ይረፍ» ብለው በመርፌ ገደሉት፤ ዕጢውን ለማየትም ሬሳውን ከፈቱት።

ከሳልቶ ከተማ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የተላከችው መርማሪ ዱልሴ ባሬይሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠይቃ ያተረፈችው ጭቅጭቅ ብቻ ነው።

«የሌላ ውሻ ራጅ ነው የሰጠችኝ!» አሉ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር አኒባል፣ ማቴ የሚባለውን ሻይ የሚጠጡበትን ቅል ወደ ራጅ አንሺዋ ወደ ኔልሲ እያወዛወዙ። «ዛሬውኑ ትባረራለች። ፈቃዷም ይነጠቅ!»

«አልቀየርኩም አልኩ እኮ! ስንቴ ልበል?» አለች ኔልሲ።

ዱልሴ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ዕጢ ከተባሉት ሦስት ነጥቦች በታች አንድ ጎድን ድሮ ተሰብሮ ተጣሞ ገጥሟል። የሬሳውን ጎድን በጣቷ ብትዳስስ ያው ጠማማ እዚያው ቦታ ተገኘ።

«ራጁ የቹሮ ነው» አለች።

«ታዲያ ዕጢው የት ገባ? በረረ?» አሉ ዶክተሩ።

«በጎኑ የተነሳውን አየሁ። በጀርባው ተኝቶ የተነሳውስ?»

ኔልሲ መለሰች፤ «በጀርባው ልድገመው ብዬ ነበር። ‹ሰው ተሰልፏል፣ አንዱ ይበቃል› አሉኝ ዶክተሩ።»

የውሻው ጌታ፣ ሽማግሌው ከብት ጠባቂ ዶን ኤውሴቢዮ፣ ባርኔጣቸውን ጨብጠው ጥግ ተቀምጠዋል። እስካሁን ማንም ምንም አልጠየቃቸውም።

«አባባ፣ ከራጁ በኋላ እስከ መርፌው ድረስ ምን ሲያደርጉ ቆዩ?» አለቻቸው ዱልሴ።

«‹ተሰናበተው› ብለው ብቻችንን ተዉን። ጸጉሩን አበጠርኩለት፤ መዥገሩን ለቀምኩለት። እኛ ጋ ወዳጅ ከነመዥገሩ አይቀበርም፣ ልጄ።»

«መዥገሩ የት ነበር?»

«ጎድኑ ላይ፣ ጸጉሩ ውስጥ። ደም ጠጥተው ባቄላ አክለዋል።»

«ስንት ነበሩ?»

«ሦስት።»

ዶክተሩ ቅሉን አስቀመጡ።

«በጎን ሲነሳ ቆዳ ላይ ያለው ነገር ሳንባ ውስጥ ያለ ይመስላል» አለች ዱልሴ። «በጀርባው ቢነሳ ከሳንባው ውጪ፣ ቆዳው ዳር ላይ ይታይ ነበር። እርስዎ ሬሳውን ሲከፍቱ መዥገሮቹ ተለቅመዋል፤ ጥፋቱም ለኔልሲ ተረፈ። እሷ ሥራዋን ትቀጥላለች። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፣ ዶክተር!»

«ሳሉስ?» አሉ ዶክተሩ።

«ብርድ ይሆናል! አሁን ማን ያውቃል?»

ዱልሴ የሚታሰር ነፍሰ ገዳይ ብታገኝ ይቀላት ነበር። ዶን ኤውሴቢዮ ተነሱና ዶክተሩን ትክ ብለው አዩዋቸው።

«ቢነግሩኝ እኮ ቀድሜ እለቅምለት ነበር» አሉ።