የዌንደል ታትል ካፖርት

ዌንደል ታትል በሕይወቱ የዝናብ ካፖርት ለብሶ የታየው ሞቶ ነው።

ከምሳ በኋላ፣ ከዱንሞር ፖይንት የጦር ሰፈር አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ባለው የጥድ ጫካ፣ የመሬቱን ውኃ ለመመርመር ከተቆፈሩት ጠባብ ጉድጓዶች በአንዱ አጠገብ ተንጋሎ ተገኘ። ቢጫው ካፖርት እስከ አገጩ ተቆልፏል፤ ቆቡ ጭንቅላቱ ላይ ተጎትቷል። ራሱ የጉድጓዱን የሲሚንቶ ጠርዝ ተደግፏል። ላየው ሁሉ አዳልጦት የወደቀ ይመስላል። ዝናቡ አላባራም፤ ሐምሌያችን እንደሁ ሲጀምር መቆሚያ የለውም።

ያገኘው አስር አለቃ ሬይኖሶ ወዲያ ወዲህ ሲል ቬርና ማኒጎ ደረሰች። ቬርና የባሕር ኃይሉ ሲቪል መርማሪ ናት። ሃምሳን አልፋለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው።

«ማን ነካው?»

«ማንም፣ እመቤቴ። ትንፋሹን ብቻ ነው ያዳመጥኩት። ምስኪን! ሁሌ እንደ ዳክዬ ሲበሰብስ ኖሮ፣ ካፖርት በለበሰ ቀን ይሙት?»

ቬርና ቀና ብላ አየችው። «ለብሶ አያውቅም?»

«ኧረ በጭራሽ! ስንቴ አውልቄ ልስጥዎት ብዬው ሮጦ አምልጦኛል።»

ቆቡን ገለጠች። ከጆሮው በላይ አጥንቱ ተሰብሯል፤ ደሙ አንገቱ ላይ ደርቋል። ቆቡ ግን አልተቀደደም፣ ውስጡም ደም የነካው እምብዛም ነው። ከዚያ የቀኝ እጁን ጣቶች አላቀቀች፤ ትንሽ የመስተዋት ጠርሙስ ይዟል። በጨርቅ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

«ስማኝ ልጄ፣ ይህን ጠርሙስ አላየህም። ለአዛዥህም ለእናትህም አትናገርም።»

«እናቴ እኮ ከአፌ ጎትታ ታወጣዋለች፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው አትደውልላት።»

ቀልዱ ከአፏ እንጂ ከልቧ አልነበረም። ከሰፈሩ አጥር ማዶ ታቢ ክሪክ የምትባል መንደር አለች፤ የቬርና እናት ሚስ ኢሶላ እዚያ ነው የምትኖረው፣ የገዛ ጉድጓዷን ውኃ እየጠጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ለዓመታት የተረጨው የእሳት ማጥፊያ አረፋ መሬት ውስጥ ሰርጓል። መንደሯ ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም። የሰፈሩን ውኃ የሚቆጣጠረው ዌንደል ሦስት የምህንድስና ድርጅቶችን የጠራው ይህን የሚመረምር ለመቅጠር ነበር። እናቷን «ጠጪ» ወይም «አትጠጪ» የሚላት ዛሬ የሚመረጠው ድርጅት ነው። ደግሞም ይህ እንደ ሌላው ጨረታ ማን ረከሰ የሚባልበት አይደለም፤ ማን ያውቃል ነው የሚባለው። አፈ ቅቤ የሆነ ሁሉ የሚያውቅ እንዳይመስል፣ ዌንደል እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

ኮሎኔል ስትሪክላንድ ከጉድጓዱ ትንሽ ራቅ ባለው የስብሰባ ተጎታች ቤት ውስጥ ይንጎራደዳሉ። ከጣሪያው በላይ ሄሊኮፕተር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

«አደጋ ከሆነ አደጋ ነው፣ ዝጊው» አሉ። «ግድያ ነው ካልሽኝ ግን ገዳይዋን አውቃታለሁ። ከሦስቱ ተጫራቾች አንዷ፣ ትሩዲ ባዝሞር ናት። ጠዋት ሁላችንም ፊት ጮኻበታለች።»

«ምን ብሏት?»

«እሷን ብሎ እንኳ አይደለም። ሦስቱም ችሎታቸውን አስረድተው ሲጨርሱ ታትል ብድግ አለና፣ ‹ከእናንተ አንዱ ዕድሜ ልኩን ውኃ ቀድቶ አያውቅም፤ ከምሳ በኋላ ስሙን እጠራለሁ› አለ። ትሩዲ፣ ‹ድርጅቴ ትንሽ ስለሆነች ነው የምትሰድበኝ?› ብላ ጠረጴዛውን ደበደበች። ከዚያ ሁሉም ለምሳ ተበተነ። አሁን ሴትዮዋን ይዘን፣ ኮሚቴው ማታ ይፈርም። የአትላንታው ክሪች አንደኛ ነው፤ ንግግሩ ልብ ይሰርቃል።»

«እስኪ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ኮሎኔል።»

ቬርና ዞር ዞር ብላ አየች። በሩ አጠገብ ለእንግዶች የተሰቀሉ ቢጫ ካፖርቶች አሉ፤ አንዱ ምስማር ባዶ ነው። ከሥራቸው የሳጥን መጎተቻ ጋሪ ቆሟል። መደርደሪያው ላይ የመስተዋትም የላስቲክም ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ያለው ወለል ደግሞ ከቀረው ይልቅ ጸድቷል።

«ወለሉን ማን ወለወለው?»

«እኔ ምን አውቄ? ወታደሮቹ ይሆናሉ።»

«በምሳ ሰዓት? ጉድ ነው! እንዲህ ያለ ወታደር ካለዎት ሹመት ይስጡት።»

መጀመሪያ ትሩዲ ተጠራች። አጭር፣ ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ ሸሚዟ ከመታጠብ ብዛት የሳሳ፣ ዓይኗ በልቅሶ ያበጠ ሴት ናት። ቬርና ቅባት በማያሳልፍ ወረቀት የተጠቀለለ የዶሮ ሳንድዊች ዘረጋችላት።

«ብዪ፣ ፊትሽ ነጥቷል።»

«እግዜር ይስጥሽ፤ ግን ወረቀቱን አልነካም። ነገ ማለዳ ሳቫና ከተማ የምቀዳው ጉድጓድ አለብኝ። ሰሃን ላይ ብታደርጊልኝ…»

ቬርና ሰሃን ላይ አደረገችላት። «ምሳ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ጫካ ውስጥ ስዞር። ተናድጄ ነበር። ማንም አላየኝም፤ ይኸው ነው፣ እሰሩኝ!» «ሥራ ያስተማረኝ እሱ እኮ ነው። በአስተማሪዬ ላይ ጮኼበት ሞተ። ይቅርታ እንኳ አላልኩትም።»

ቀጥሎ ዶክተር ላይል ሀመት ገባ፤ የመካከለኛው ድርጅት ሰው፣ ዓይናፋር፣ ከእግር እስከ ራሱ የበሰበሰ። ከሱሪው የሚንጠባጠበው ውኃ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠራ።

«ኧረ በኢየሱስ፣ ካፖርት የለዎትም እንዴ?»

«ቤት አለኝ» አለ አፍሮ። «ለቤተ ክርስቲያን።»

«ምሳዎን የት በሉ?»

«ከበሩ ውጪ፣ ሽሪምፕና የበቆሎ ገንፎ የሚሸጡት ቤት። ብቻዬን ነኝ። እኔን የሚያስታውስ አስተናጋጅ ግን አይኖርም፤ ማንም አያስታውሰኝም።»

በመጨረሻ የአትላንታው ትልቅ ድርጅት ወኪል ሃርላን ክሪች መጣ። ግዙፍ፣ ደስ የሚል ሰው ነው፤ የኮኮናት ሽታ ያለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ፊቱ ላይ ያብረቀርቃል፣ ዝናቡ ከጃኬቱ ላይ ዶቃ ሆኖ ይንከባለላል። ሳንድዊቹን ከነወረቀቱ ተቀብሎ በሁለት ጉርሻ ጨረሰና ጣቱን ላሰ።

«የናንተ አገር ዶሮ ተወዳዳሪ የለውም፣ ውዴ!»

«ምሳ አልበሉም ነበር እንዴ?»

«መኪናዬ ውስጥ ስልክ ላይ ነበርኩ። አለቆቼ አያስበሉኝም። ምስኪን ታትል! ትልቅ ሰው ነበር። ግን በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ዝናብ ለብቻ ውኃ መቅዳት ምን የሚሉት ነው?»

«እርስዎ ይህን ሥራ በእጅዎ ሠርተውታል?»

«እኔ? እዚህ ሥራ ላይ ነው የሸበትኩት! የዚህን አረፋ ነገር እንደኔ በእጁ የቀዳ ሰው ካለ አሳዪኝ።»

ቬርና ሲወጣ በመስኮት ተከተለችው። ኮሎኔሉ ትዕግሥታቸው አልቆ ሁለት ወታደር በር ላይ አቁመዋል፤ ትሩዲ አንድ ጥግ ኩርምት ብላለች። ትሩዲ ከታሰረች ማታ ይፈረማል፤ ከተፈረመ ደግሞ ታቢ ክሪክን የሚመረምረው ክሪች ነው።

«ኮሎኔል፣ ሁሉንም ጉድጓዱ ጋ ይሰብስቡልኝ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«በዚህ ዝናብ።»

አስከሬኑ ተነሥቷል። ቬርና ከጉድጓዱ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አስቀምጣ፣ ላዩ ላይ ሁለት ባዶ ጠርሙሶች አቁማለች፤ አንዱ የመስተዋት፣ አንዱ ነጭ ላስቲክ። ክንዷ ላይ ካፖርቶች ደርባለች።

«ለዶክተር ሀመት?»

«አይ፣ አመሰግናለሁ። እዚህ አልለብስም።»

«ትሩዲ?»

«ምን ነካሽ? ከጉድጓዱ አርቂያቸው!»

ኮሎኔሉ ግን ነጥቀው ለበሱ። «እኔ ወታደር ነኝ እንጂ ውኃ ቀጂ አይደለሁም።» ክሪች ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ይስቃል።

«ሚስተር ክሪች» አለች ቬርና፣ «እኔ መሃይም ነኝ። ዌንደል እዚህ ምን ሊሠራ እንደመጣ በተግባር ያሳዩኝ። ጠርሙስ ይምረጡና ይቅዱልኝ።»

«በደስታ!» አለ ክሪች። ወደ ጠረጴዛው ራመድ ብሎ የመስተዋቱን አነሣ።

ትሩዲ ሳታስበው ሳቀች። ላይል ሀፍረቱ የራሱ ይመስል ዓይኑን ጨፈነ።

የክሪች ጆሮ ቀላ። «ምኑ ነው የሚያስቅሽ?»

«መስተዋት!» አለች ትሩዲ። «ለዚህ ምርመራ በመስተዋት ትቀዳለህ?»

«ታዲያስ? ታትል ራሱስ ቢሆን በመስተዋት አልነበረም እንዴ የያዘው?»

ሬይኖሶ ቬርናን አየ። ቬርና እጇን ኪሷ ከትታ በጨርቅ የተጠቀለለውን አወጣች።

«ይህን ጠርሙስ ሬሳው እጅ ላይ ያየነው እኔና ይህ ልጅ ብቻ ነን። እናቱ እንኳ አልሰማችም። አንተ የት አየኸው፣ ሃርላን?»

«እኔ… ሰው ነገረኝ መሰለኝ።»

«ማን? ስሙን ጥራ።»

ቬርና ወደ ኮሎኔሉ ዞረች።

«ይህ የአረፋው መርዝ ዝናብ የማያስገባ ልብስ ላይም አለ፣ ቅባት የማያሳልፍ ወረቀት ላይም አለ፣ ቅባቶችም ላይ አይታጣም። ስለዚህ ቀጂዎቹ ካፖርት አይለብሱም፣ ቅባት አይቀቡም፣ የሳንድዊች ወረቀት አይነኩም፤ ውኃውን ራሳቸው እንዳይበክሉት። ዌንደል እናቴ ቤት ሲመጣ ዝናብ ያዘውና ካፖርት ይዛ ብትከተለው በአጥር ዘሎ አመለጣት። ያን ቀን ነው ያስረዳኝ። እንግዲህ ይህ ሰው ካፖርት ለብሶ ጉድጓድ አፍ ላይ ምን ይሠራል?»

«ሌላ ሰው አለበሰው» አሉ ኮሎኔሉ ቀስ ብለው።

«ከሞተ በኋላ። ጭንቅላቱ ተሰብሮ ቆቡ ደህና ነው፤ ደሙም ቆብ ሳይደረግለት ደርቋል። የተገደለው ተጎታች ቤቱ ውስጥ ነው፤ ወለሉን አይተዋል። ገዳዩ በሳጥን መጎተቻው ጋሪ እዚህ አመጣው፤ በዝናብ የወጣ ሰው ካፖርት ይለብሳል ብሎ አሰበና ከምስማሩ አንዱን አወረደ። ጠርሙስም አስያዘው። የዚህ መርዝ ናሙና ግን በመስተዋት አይያዝም፤ መስተዋቱ ላይ ይጣበቃል። ትሩዲ ወይ ዶክተሩ ቢገድሉት ኖሮ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠሩም ነበር። ይህን የማያውቅ ከሦስቱ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዌንደል ስሙን እጠራለሁ ያለው ሰው።»

ክሪች ጠረጴዛውን ያዘ።

«የሚያውቁት ሰዎቻችን ጥለውን ሄደው ነበር» አለ። «ስማቸው ብቻ ነው የቀረን። ካሸነፍን የሚያውቅ ሰው እንቀጥራለን ብዬ ለመንኩት። ስሜን ከምትጠራው በራሴ ፈቃድ ከጨረታው ልውጣ፣ ልጆች አሉኝ አልኩት። ‹ማዶ ያሉትም ልጆች አላቸው› አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ የቧንቧ መፍቻ ነበር። ልገድለው አላሰብኩም… እጄ ነው የቀደመኝ!»

ወታደሮቹ ካቴና አስገቡለት። ትሩዲ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ኮሎኔሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ምርጫው ፈርሷል። ሁሉም ከመጀመሪያ ይጀመራል። ዓመት ይፈጃል።»

«እናቴስ ዓመቱን ሙሉ ምን ትጠጣ?»

«ሕጉ ነው ቬርና። እኔ ምን ላድርግ?»

ትሩዲ ተነሥታ ሱሪዋን አራገፈች። «የእናትሽ ጉድጓድ የጦር ሰፈሩ ነው?»

«የአያቴ ነው።»

«ታዲያ ኮሎኔሉን ምን አገባቸው? ነይ፣ አሳዪኝ።»

ሚስ ኢሶላ በረንዳዋ ላይ ሆና ሁለት የበሰበሱ ሴቶች ሲመጡ ስታይ ጮኸች። ፎጣ ሰጠቻቸው፣ አስቀመጠቻቸው፣ ተቆጣቻቸው። ከዚያ በረዶ የተሞላ ጣፋጭ ሻይ በትልልቅ ብርጭቆ ይዛ መጣች።

«ጠጪ የኔ ልጅ። እንዲህ ያለ ሻይ ሌላ ቦታ አታገኚም፤ ውኃው ነው ሚስጥሩ።»

የትሩዲ እጅ ተዘረጋና መንገድ ላይ ቀረ። ጉልበቷ ላይ መለሰችው።

«አልጠማሽም እንዴ?»

«በጣም ጠምቶኛል፣ ሚስ ኢሶላ» አለች ትሩዲ፣ ዓይኗን ሰብራ። «መጀመሪያ ግን ጉድጓዱን ልየው።»

ቬርና ያን እጅ አይታ የምርመራውን ውጤት መጠበቅ አልቻለችም። ብርጭቆዎቹን፣ የእናቷንም ጭምር፣ ሰብስባ ከበረንዳው ውጪ ደፋቻቸው።

«ቬርና! እንግዳ ፊት? አብደሻል? የአባቴ ውኃ እኮ ነው! አንቺን ያሳደግኩበት ውኃ ነው!»

«አውቃለሁ፣ ማሚ» አለች ቬርና። «እሱ እኮ ነው ያስፈራኝ።»