የመቶ እርምጃ ተኳሾች

የጥንታዊ ጠመንጃ ክለቡ ሊቀመንበር ኮፍያውን አውልቆ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በዛሬው እሑድ የአራት ሰዓት ሻይ እንደማይኖር በታላቅ ሐዘን አስታወቀ። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ ሻዩን የሚያፈላው ሰው ከኢላማው ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል።

መርማሪዋ ይህን የሰማችው ገና ከመኪናዋ ስትወርድ ነው። በሃያ ዓመት ሥራዋ ሬሳ አጠገብ ብዙ ንግግር ሰምታለች፤ ስለ ሻይ ሲነገር ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

ሟቹ የክለቡ ነጥብ ነጋሪ ነበር። አባላቱ ባሩድና አረር በአፈሙዙ በሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ፣ ያለ ምንም ድጋፍ ቆመው፣ መቶ እርምጃ ርቆ የተሰቀለ ወረቀት ይመታሉ፤ እሱ ቦዩ ውስጥ ተቀምጦ «ዘጠኝ!» «አሥር!» እያለ ይጮኻል። ሲበቃቸው ወረቀት ይቀይራል፣ ሣሩን ይጠርጋል፣ ጠመንጃቸውን ያጥባል፣ ሻይ ያፈላል። ዛሬ አንድ አረር ደረቱ ውስጥ ገብቷል።

ጥፋተኛውም ቀድሞ ተዘጋጅቶላት ነበር። ሽማግሌው ጠመንጃ ጠጋኝ እጃቸውን በካቴና ታስረው የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። ጠግነው ያመጡትን ጠመንጃ ሊሞክሩ መተኮሻው መስመር ላይ ብቻቸውን ቆመው ሳለ ተኩስ ተሰማ፤ ዛሬ የመጡት ሦስቱ አባላት፣ ሊቀመንበሩ፣ ፋርማሲስቱና ጣውላ ነጋዴው፣ የክለቡ ቤት ውስጥ ነበርን ይላሉ።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ልጄ» አላት ሊቀመንበሩ። ዳኛ ነበር፤ ከችሎት ጡረታ ወጥቷል፣ ከመፍረድ ግን አልወጣም።

መርማሪዋ ወደ መኪናው ሄደች።

«አባቴ፣ ተኩሰዋል?»

«አልተኮስኩም። አጉርሼ ቃታውን ሳልስብ ከወዲያ ጮኸ፤ ከቦዩ በኩል።»

«አንድ ጆሮዎ አይሰማም አሉኝ።»

«አንዱ ይበቃኛል፣ ልጄ። የነሱን ወሬ ለመስማትማ እንዲያውም ተርፎኛል።»

ፖሊሱ ያስቀመጠውን የሽማግሌውን ጠመንጃ አነሣችና ትንሿን ጣቷን አፈሙዙ ውስጥ ከተተች። ባሩድ የጨሰበት አፈሙዝ ጣትን እንደ ከሰል ያጠቁራል፤ የሷ ጣት ዘይት ብቻ ይዞ ወጣ። ለዳኛው አሳየችው።

«አጥቦት ይሆናላ!»

«አጥቦ፣ አድርቆ፣ እንደገና አጉርሶ? እናንተ ሮጣችሁ እስክትደርሱ?»

«የለመደ እጅ ፈጣን ነው፣ ልጄ» አለ፣ ፋይል እንደሚዘጋ ሰው።

ከዚያ ሦስቱን በየተራ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። ከመተኮሻው መስመር ላይ ቆማችሁ ያንን ሰው ልትመቱት ትችሉ ነበር? የተጠረጠረ ሰው «አልችልም» ብሎ ሊገላገለው የሚችል ጥያቄ ነው።

«ዓይኔን ጨፍኜ!» አለ ዳኛው።

«የሸሚዙን ሁለተኛ ቁልፍ ምታ ብትይኝ» አለ ፋርማሲስቱ፣ «ሦስተኛው አይነካም፣ እህቴ።»

ሁለቱም አንገታቸውን ለገመድ ሰጥተው ስማቸውን አዳኑ። መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ አንዳች አልጻፈችም፤ ለዚህ ቀለም ማባከን አልፈለገችም።

የቀረው ጣውላ ነጋዴው ነው፤ ሻምፒዮኑ። የስድስት ዓመት ስድስት ዋንጫዎቹ ከጀርባው በክለቡ ቤት መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል።

«እኔ? በዚህ ርቀት ቆሜ? እውነቱን ልንገርሽ፣ አልችልም። ከኛ ማንም አይችልም። የሚችል አንድ ሰው አለ፤ ዕድሜ ልኩን ጠመንጃ ሲሞክር የኖረ። እሱም መኪናችሁ ውስጥ ነው።»

ይህን ጻፈችው።

ከዋንጫዎቹ በላይ የመጀመሪያ ድሉ ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል፤ መሐሉ ላይ አምስት ቀዳዳ። ቀረብ ብላ አየችው። የእርሳስ አረር ወረቀት ሲበሳ በቀዳዳው ዙሪያ ግራጫ ቀለበት ይተዋል። እዚህ ቀለበት የለም፤ ጥርት ያለ ቀዳዳ ብቻ። ወደ ቦዩ ወርዳ የሟቹን ኪስ ፈተሸች። አንድ የብረት ዘንግ ወጣ፤ ውፍረቱ ከአረሩ እኩል፣ ጫፉ የሾለ።

ዛሬ ሣሩን የጠረገው የለም። ከሬሳው ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ጠርዙ የተለበለበ ክብ ቁራጭ ጨርቅ ወድቋል፤ ነጭ ሆኖ ሐምራዊ መስመር አለው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው ፋርማሲስቱን፣ ጨርቁን በእጇ ጨብጣ ጠርዙን ብቻ እያሳየች።

«አረሩ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ነዋ! በርሜሉን እንዲነክስ በቅባት እንነክረዋለን። አብሮ ይወጣና ትንሽ በርሮ ይወድቃል።»

«ስንት እርምጃ?»

«እኔ እንጃ። የሚጠርገው እሱ ነው።»

«ነበር» አለች። «ጨርቁን ከየት ታመጣላችሁ?»

«ያገኘነውን ነው የምንቆርጠው። ሻምፒዮናችን ግን ጉደኛ ነው፤ መጀመሪያ ዋንጫ ከወሰደበት ሸሚዝ በስተቀር ሌላ አይቆርጥም። ዕድሌ ነው ይላል። ባለ ሐምራዊ መስመር ሸሚዝ ነው፤ ዘንድሮ እጅጌው ላይ ደርሷል።»

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሁሉንም መስመሩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ጠጋኙም ከነካቴናቸው መጡ።

«ነገሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው» አለች። «ተኳሹ የት ነበር የቆመው? ከዚህ ተተኩሶ ቢሆን ጨርቁ እዚሁ አጠገባችን ይወድቅ ነበር። የወደቀው ግን እዚያ፣ ከሬሳው ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ቁራጭ ጨርቅ ዘጠና ስምንት እርምጃ አይበርም። የተኮሰው ቦዩ አጠገብ የቆመ ሰው ነው፤ አባታችን ደግሞ በእናንተው ቃል እዚህ ነበሩ። የክለቡ ቤት ልብስ መቀየሪያ ክፍል የጓሮ በር አለው፤ አጥር አጥሩን ይዞ ሳይታይ ቦዩ ድረስ ያደርሳል። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ብቻውን የነበረው ማነው?»

ዳኛውና ፋርማሲስቱ ከሻምፒዮኑ ትንሽ ራቅ አሉ።

መዳፏን ከፈተች። ሐምራዊው መስመር ታየ።

«ከትናንት የቀረ ይሆናል» አለ ሻምፒዮኑ።

«ትናንት የተኮሱት ከዚህ ነው ወይስ ከቦዩ?»

ሻምፒዮኑ ዓይኑን ከጨርቁ ወደ ቦዩ አሻገረ።

«ብልህ ቢሆኑ ያነሡት ነበር። ግን በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጎንበስ ብለው ጨርቅዎን አንሥተው አያውቁም። የሚጠርገውን ሰው ገድለው፣ ማን ይጠርግልኛል ብለው ነው?»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

«አባቴ፣ ቅድም የነገሩኝን ይንገሩት።»

ጠጋኙ በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ዞሩ። «ትናንት ነግሮኛል። የሚመጣው እሑድ እንግዳ ክለብ አለ፤ በሰው ፊት ግን ከእንግዲህ ወረቀት በዘንግ አልበሳላቸውም አለ። ለሻምፒዮኑ ነግሬዋለሁ፣ ለሌሎቹ ነገ እነግራለሁ አለ።»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ ሻምፒዮኑ እጅ ላይ ገባ።

«ከኛ ማንም አይችልም ብለኸኛል» አለችው፤ አንቱታው እዚያ ላይ አለቀ። «ሽማግሌውን ለማሰር የቀረህን ስም ሸጥክ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።»

ይሄኔ ዳኛው ተቆጣ። በግድያው አይደለም።

«ምን? ማንም አይችልም? እኔ ስድስት ዓመት ከዘጠኝ ወርጄ የማላውቀው?»

«እኔስ?» አለ ፋርማሲስቱ። «በዘንግ የተበሳው የሱ ነው! የኔ ንጹሕ ነው!»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። መርማሪዋ ልትከለክላቸው ትችል ነበር፤ አልከለከለችም። ቦዩ ባዶ መሆኑን አረጋግጣ፣ ጠዋት ሟቹ የሰቀላቸውን ሦስት ወረቀቶች አሳየቻቸውና «ተኩሱ» አለች።

ባሩድ ሰፈሩ፣ አረር ጠቀለሉ፣ በማጉረሻ ዘንግ ደቀደቁ። ዳኛው ደረቱን ነፍቶ ተኮሰ፤ ፋርማሲስቱ ትንፋሹን ውጦ ተኮሰ። ጢሱ ሸፈናቸው። ከዚያ ሁለቱም እንደ ልማዳቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ ቦዩ አዘንብለው ጠበቁ።

ከቦዩ ድምፅ አልመጣም።

መርማሪዋ ፖሊሱን ላከችው። ስለ ክለቡ አንድም ነገር የማያውቅ፣ ጠዋት ከሌላ ጣቢያ የመጣ ቅን ሰው ነው። ወረቀቶቹን ነቅሎ፣ መቶውን እርምጃ በሩጫ ተመልሶ፣ ሦስቱንም ፊታቸው ዘረጋ። አገላብጦ አያቸው፤ ለብርሃንም ያዛቸው።

«ይቅርታ፣ ጌቶቼ» አለ። «የተተኮሰበት የትኛው ነው?»