ብቻውን የሚበላው ዓሣ

የሳህላን ምንጭ በዚያ ማለዳ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። በመጀመሪያው አሸዋ ተፋ፤ በሁለተኛው ደም የመሰለ ቀይ ጭቃ፤ በሦስተኛው ግን፣ ጉድ በሉ፣ ከክንድ የሚረዝም፣ ጀርባው እንደ ጥቀርሻ የጠቆረ፣ የታች መንጋጋው ከላይኛው ቀድሞ የወጣ ዓሣ ወርውሮ በንግሥት ማርሸት እግር ሥር ጣለው። ወዲያውም የምንጩ ውሃ አንድ ጣት ያህል ጎደለ።

ሳህላን በምድረ በዳ ተከብባ በዚያች በአንዲት ምንጭ የምትኖር አገር ናት። ሌላ ወንዝ የላት፣ ሌላ ጉድጓድ የላት። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ዓሣውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ በምንጩ ራስ ላይ ባለው ድንጋይ አያቶቻቸው የጻፉትን ሁሉም ያውቁታልና። «ስም የሌለው እንግዳ ከምንጩ ይወጣል። እርሱ ሲከሳ ውሃው ይከሳል፤ እርሱ ሲሞት ውሃው ይሞታል።»

ዓሣውን ለዘርፌ አስረከቧት። ለማን ያስረክቡት? የመስታወቱ ገንዳ ጠባቂ እርሷ ናት። ገንዳው በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ መካከል የቆመ፣ ጎጆ የሚያህል፣ አራቱም ግድግዳ መስታወት የሆነ ነው፤ ከምንጩ በቦይ የሚመጣው ውሃ በአንድ ወገን እየገባ በሌላው ይወጣል። የነገሥታቱ ዓሦች በውስጡ ይኖራሉ። ጠባቂያቸው ደግሞ መሐላ አለበት፤ ትዳር አይይዝም፣ ልጅ አይወልድም፣ ከዓሦቹም ተለይቶ አያድርም። ዘርፌ በሰባት ዓመቷ፣ እናትና አባቷ ባለቁ ማግሥት ነው እዚያ የገባችው። አሁን ሃያ ሁለት ሞልቷታል። ያሳደገቻት አሮጌዋ ጠባቂ እትዬ ድንቄ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ስሟን የሚጠራት ሰው ሳታገኝ ሳምንቱ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነበር። መኳንንቱ ይመጣሉ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓሦቹን አይተው ያደንቃሉ፣ ይሄዳሉ። ከመስታወቱ ወዲያ የቆመችውን ግን ልብ የሚላት የለም። ብቸኝነት እንዲህ ነው መቼም፤ ሰው በሞላበት አዳራሽ ይብሳል።

አንዲት ወዳጅ ነበረቻት፤ ወለላ። ወለላ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ መልኳ የማር፣ ከእትዬ ድንቄ የወረሰቻት አሮጊት ዓሣ ናት። ከጫጩትነቷ ጀምራ በእጅ ስለተቀለበች ጥላ ባየች ቁጥር የዘርፌ እጅ እየመሰላት ትመጣና አገጯን መዳፏ ላይ ታሳርፋለች። ዘርፌ የዋለችበትን ሁሉ የምትነግራት ለእርሷ ነበር። ወለላም አትመልስም፤ ግን አትሄድም።

እንግዲህ ስሕተቱ የመጣው ከእንግዳ አክባሪነት ነው። በሳህላን እንግዳ ብቻውን አይቀመጥም፣ ብቻውንም አይበላም፤ በቤተ መንግሥቱ የግብር አዳራሽ በር ላይ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተቀርጿል። ስለዚህ አጋፋሪው እንግዳው ከነገሥታቱ ዓሦች ጋር ይግባ አለ። ዘርፌ መንጋጋውን አይታ ልቧ ፈርቶ ነበር፤ የፈራችውንም ተናገረች፤ ማን ይስማት? በማግሥቱ በገንዳው የነበሩት አሥራ ሦስት ዓሦች ተነክሰው ተንሳፈፉ። አንዱም አልተበላም። እንግዳው ራሱ ጎኑ ላይ የሌላ ዓሣ እሾህ ተሰክቶበት ጥግ ይዞ ቆሟል። አጋፋሪው ይህን ሲያይ ምን አለ? ጓደኞቹ ለማዕረጉ አልመጠኑም አለ። ከየመኳንንቱ ቤት የተሻሉ አመጡለት፤ እነርሱም አለቁ። እንዲህ እንዲህ እያለ በሳህላን የቀረች ዓሣ ወለላ ብቻ ሆነች፤ እርሷም የተረፈችው እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ክንፏ ቆስሎ በጨው ውሃ በሸክላ ጋን ለብቻዋ ስለተቀመጠች ነው።

እንግዳው ግን አይበላም። ጉበት አቀረቡለት፣ ዳቦ አቀረቡለት፣ ሞኙ አጋፋሪ ማር ሳይቀር አቀረበለት። አላየውም። ስም እንኳ ሊያወጡለት አልቻሉም፤ በገንዳው ሕግ ሲበላ ያላዩት ዓሣ ስም አይሰጠውም፤ የሚበላውን ሳታውቅ ማንነቱን አታውቅም ይላሉ። ጎኑ በየቀኑ ይሰረጉዳል፣ ውሃውም በየቀኑ ይጎድላል። በአሥረኛው ቀን እናቶች በምንጩ ዙሪያ እንስራቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ ግማሾቹ ባዶ ተመለሱ።

ያኔ ዘርፌ በንግሥቲቱ ፊት ቆመች።

«ግርማዊት ሆይ፣ ይህን ዓሣ አላውቀውም። የማላውቀውን ማዳን አልችልም። የሚያውቀው ሰው ዘንድ ልውሰደው።»

ጠባቂ «አላውቅም» ሲል በሳህላን ተሰምቶ አያውቅም። መኳንንቱ አጉረመረሙ። ንግሥት ማርሸት ግን ከዙፋኗ ተነሥታ እጇን ከምንጩ ውሃ በተቀዳበት ጋን ላይ ጫነች።

«ሁሉም አውቃለሁ እያለ አሥር ቀን ውሃ አጠፋብኝ። ሂጂ። በዚህ ምንጭ እምላለሁ፤ እስክትመለሺ ድረስ እኔም እንደ ሕዝቤ በቀን አንድ ጽዋ ብቻ እጠጣለሁ።»

ሁለት በቅሎና አዝብጤ የሚባል ጦረኛ ሰጠቻት። በአንደኛዋ በቅሎ ላይ እንግዳው በትልቅ ጋን፣ በሌላዋ ወለላ በትንሽ ጋን ተጫኑ፤ ዘርፌ ከዓሣዋ ተለይታ አታድርማ። የሚሄዱት ከምድረ በዳው ማዶ፣ የእናት ዋሻ ከሚባለው የምንጩ መነሻ ሥር ወዳለው የጉም ሐይቅ ነው። እዚያ የዓሣን ዘር ሁሉ የሚያውቅ አባ ደምሳሽ የሚባል ዓይነ ስውር አጥማጅ አለ ይባላል።

አዝብጤ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበር። የእንግዳው ፊት ቁርጥ አማቴን ነው እያለ፣ በየማረፊያው ጋኑን በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዘ፣ ዘርፌን በአምስት ዓመት ውስጥ ከሳቀችው በላይ አሳቃት። ስሟን በቀን ሃያ ጊዜ ይጠራል። እርሷም በጠራት ቁጥር ደንገጥ ትል ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን መጣጮቹ አሸተቷቸው። መጣጭ ዓይንም ጆሮም የለውም፤ በነፋስ የሚሄድ ደረቅ ቁርበት ነው፤ ውሃ ሲሸተው ተጠቅልሎበት እስኪደርቅ ይመጥጠዋል፤ ሰውም ቢሆን። ከአድማስ ላይ ሃያ ሠላሳ ሆነው ሲመጡ አዝብጤ የራሱን የውሃ ኮዳ ፈታ፤ በልብሱና በራሱ ላይ አፈሰሰው።

«እቴ ዘርፌ፣ ወደኋላ እንዳታዪ» አላት። ጦሩን ይዞ እየዘፈነ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሮጠ። መጣጮቹም ተከተሉት።

እርሷም አላየችም። ዘፈኑ እስኪጠፋ ድረስ ሰማች፤ ከጠፋም በኋላ ሁለቱን በቅሎዎች እየሳበች አንድ ቀን ሙሉ ብቻዋን አለቀሰች። እንባዋን እንኳ ለመጣጭ እንዳይሸት በነጠላዋ እየጠረገች።

አባ ደምሳሽን በሐይቁ ዳር መረብ ሲጠግኑ አገኘቻቸው። ሳይናገሩ እጃቸውን ወደ ጋኑ ሰደዱ፤ ግን እንደ ማንም አይደለም፤ ከሆዱ በታች፣ በቀስታ፣ እንደሚተኛ ሕፃን ነው ያቀፉት። ጣታቸው በመንጋጋው ጠርዝ ሄደ።

«ጥርሱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፤ የያዘውን አይለቅም» አሉ። «ዓይኑ የጨለማ ነው። በጎኑ ያለው መስመር ይሰማሻል? በእርሱ ነው ውሃው ሲንቀሳቀስ የሚያውቀው። ይህ የዋሻ ዘብ ነው፣ ልጄ። ምን አደረጋችሁት?»

ዘርፌ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ ፍጥረት ብቻውን የሚኖር፣ ብቻውን የሚበላ ነው። ጓደኛ ስታመጡለት ጠላት ነው ያመጣችሁበት። በእንግዳ አክባሪነት ገደላችሁት እኮ።»

ቀጥለውም አስረዷት። ዘቡ የሚኖረው በእናት ዋሻ፣ በምንጩ ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚፈለፈሉትን ነጫጭ አልቅቶች እየበላ መንገዱን ይከፍታል። የዘንድሮው ደራሽ ውሃ ገፍቶ ሲያወጣው አልቅቶቹ ተባዝተው ጉሮሮውን ደፈኑት። ትንቢቱ ይኸው ነው። አሁን ቢመልሱት ግን ደክሟል፤ ጠግቦ ከገባ ይበላቸዋል፣ ተርቦ ከገባ ይበሉታል። የሞተ ሥጋ አይነካም። የሚሸሽ ዓሣም ለማሳደድ አቅም የለውም።

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ አባቴ?»

«ሳይሸሽ የሚቀርበው ሕያው ዓሣ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ዓሣ ግን በዚህ ሐይቅ የለም። በየትም የለም።»

ዘርፌ ዞር አለች። ትንሹ ጋን ከጎኗ ነበር።

ዋሻው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በአፉ ላይ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ይንጠባጠባል፤ ከውስጥ አልቅቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲንፏቀቁ ይሰማል። ዘቡን በዋሻው አፍ ባለችው ቀዝቃዛ ኩሬ፣ በድንጋይ ጥላ ሥር ለቀቀችው። መጀመሪያ ሽማግሌው ያጠመዱላትን ሦስት የሐይቅ ዓሦች ሞከረች፤ ምናልባት ይሆናል ብላ። ሦስቱም ሸሹ። ዘቡ አንዴ ተንቀሳቅሶ በጎኑ ተኛ። በሳህላን ስንት ሕፃን እንዳለ አሰበች፤ አዝብጤን አሰበች፤ ሌላ ነገር ለማሰብ ብዙ ሞከረች።

ከዚያ ትንሹን ጋን ከፈተች። ወለላ መጥታ አገጯን መዳፏ ላይ አሳረፈች።

«እትዬ ድንቄ አደራ ብላኝ ነበር» አለቻት። «አደራ በላ ሆንኩ፣ ወለላዬ። ከአንቺ በቀር ማንም የለኝም፤ ከአንቺ በቀር ደግሞ የሚቀርበው የለም።»

በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኩሬው አስገባቻት። ቶሎ መልቀቅ አቃታት። ሲቆይ እጇን አወጣች። ወለላ ትንሽ ዞረች፤ በድንጋዩ ሥር ትልቅ ጥላ አየች፤ እንደ ልማዷም አገጯን ልታሳርፍ ቀስ ብላ ወደ ጥላው ሄደች።

ዘርፌ ፊቷን አላዞረችም። ስም የሚያወጣ ሰው ማየት አለበት።

ዘቡ ኩሬውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ የገረጣው ጀርባው መልሶ ጠቆረ፤ ወደ ጉሮሮው ገባ። ውጊያው እስከ ማግሥቱ ቀትር ቆየ። ውሃው ነጣ፣ ቀላ፣ እንደገና ነጣ፤ ከዚያ ተራራው ከሆዱ ጮኸ፤ ውሃው እየዘለለ ወጥቶ ዘርፌን እስከ ወገቧ ነከራት። እርሷ ባዶውን ጋን እንዳቀፈች ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው እያነከሰ ዳገቱን ወጣ። አንድ ጆሮው የለም፤ ቆዳው እንደ ቋንጣ ደርቋል፤ ግን አዝብጤ ነው። መጣጮቹን ገደል ሰድዶ ጨርሷቸው መምጣቱን፣ ይህም ለልጅ ልጅ የሚወራ መሆኑን እያወራ ደረሰ። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ውሃውን ጠጣ፣ ሳቀ፣ ዙሪያውን ተመለከተ።

«ወለላስ?» አላት።

ያቀፈችውን ጋን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው። እርሱም ጋኑን አየ፤ ተነሥቶ እስኪመሽ ከጎኗ ተቀመጠ።

ሳህላን ሲደርሱ ምንጩ ሞልቶ ቦዩ ይጮኻል። ሕዝቡ እልል አለ። ንግሥት ማርሸት ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ከሁሉ መጨረሻ ጠጣች። ከዚያ በሕጉ መሠረት ጠየቀች፤ ሲበላ ያየው ማን ነው? ስሙስ ማን ይባላል?

«ያየሁት እኔ ነኝ» አለች ዘርፌ። «ወለላ ይባላል።»

አጋፋሪው እንዲያ ያለ ጥርሳም አውሬ የማር ስም አይገባውም ብሎ ሊቃወም አፉን ከፈተ፤ አዝብጤ አየት ሲያደርገው ዘጋው። ንግሥቲቱ ግን የዘርፌን ፊት ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከመሐላው እንደፈታቻት፣ ወደ ፈለገችው መሄድ እንደምትችል ነገረቻት። ስሙም በድንጋዩ ላይ ተቀረጸ።

ዘርፌ አመስግና ወደ አዳራሹ ገባች። የመስታወቱ ገንዳ እስከ አፉ ሞልቷል፤ አንድም ዓሣ የለበትም። ከደጅ አዝብጤ ስሟን እየጠራ ነው፤ ሚስቱ ምሳ አዘጋጅታለች፣ አማቱም አለች፣ ዘርፌ የዓሣውን ፊት ከፊቷ ጋር እንድታስተያይ። ልትወጣ ዞራ ነበር። ተመለሰችና እንደ ልማዷ መዳፏን ዘርግታ ውሃው ውስጥ ነከረች። የመጣ የለም። ከእናት ዋሻ የሚመጣው ውሃ ብቻ በጣቶቿ መካከል እየቀዘቀዘ አለፈ። እርሷም እጇን ወዲያው አላወጣችም።