በወረቀት የደነቆሩት

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ መንገዱ መሐል ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋና የፖሊስ መኪናውን አስቆመ።

«ሞተር ያጥፉ!» አለ በሹክሹክታ። «ማዳመጥ ላይ ናቸው።»

መርማሪ ሹዌ ዪፈን አንገቷን በመስኮት አወጣች። «ሰው ሞቷል ተብለን ነው የመጣነው።»

«አውቃለሁ እኅቴ፤ የደወልኩት እኔው ነኝ። የሞተው ሰውዬ ከእንግዲህ አይቸኩልም። ልጆቹ ግን ጆሯቸውን ቀስረዋል።»

ሹዌ አልተከራከረችም። በሄሺ ከተማ የተወለደ ሰው በዚህ አይከራከርም። የእንግሊዝኛ ፈተና የማዳመጥ ክፍል ሲሰማ ግንበኛው መዶሻውን ያስቀምጣል፣ የጎዳና ሻጩ ጩኸቱን ይውጣል። የዛሬው የሞዴል ፈተና ነው፤ ዋናው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚመጣው ሳምንት ነው። ያም ሆኖ በዚያ ሙቀት የፈተና ሕንፃው መስኮቶች ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል። የጣሪያ ማራገቢያዎቹ እንኳ ቆመዋል። በአጠገቡ ስታልፍ አንዲት ሴት በድምፅ ማጉያ ስለ ባቡር ትኬት በእንግሊዝኛ ስትናገር ፈዘዝ ብሎ ተሰማት።

ሟቹ የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊው መምህር ሉ ጂንግሶንግ ነበር። ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ባለው የመምህራን ሕንፃ፣ በገዛ ቢሮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የብረት ቁም ሳጥኑ ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል። ከዚያ ተነስቶ እስከ በሩ አቅራቢያ የሚደርስ የደም መስመር ወለሉ ላይ ይታያል።

«ማንም አልጎተተውም» አለ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም። «ራሱ ነው የዳኸው። ከፊት ለፊቱ በኃይል ተገፍትሮ የኋላ ጭንቅላቱን ተመቷል። ፈተናው በተጀመረበት ሰዓት አካባቢ ይመስለኛል። ወዲያው ግን አልሞተም።»

«ሰው ቢደርስለት ኖሮስ?»

ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። «ይተርፍ ነበር።»

በሕንፃው ውስጥ የተገኙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ቀድሞ የደረሰው የሰፈሩ ፖሊስ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አስቀምጧቸዋል።

መምህርት ፓንግ ሊሮንግ ከሟቹ ቀጥሎ ባለው ቢሮ ውስጥ ነበረች። ቀኝ እግሯ በጀሶ ታስሮ ወንበር ላይ ተዘርግቷል፣ ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ከመምህር ሉ ጋር እንደማትስማሙ ሰምቻለሁ» አለች ሹዌ።

«ከጥበቃው ነው የሰሙት? እሱ የማያወራው የለም። ልክ ነው፤ ኃላፊነቱ ለእኔ ይገባ ነበር። ሁለቴ ተወዳደርኩ፣ ሁለቴም እሱ ወሰደው። ወንበሩን ተመኝቻለሁ፣ አልዋሽም። አሁን ሂጂና ተቀመጪበት ቢሉኝ ግን…»

«ግድግዳው ስስ ነው። ምንም አልሰሙም?»

«ይሄ ጆሮዬ ላይ ነበር።» ማዳመጫውን በጥላቻ ነካችው። «ለመጨረሻው ክለሳ የሚሆን የድምፅ ቅጂ እየመረጥኩ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ እያዳመጥኩ፣ ልጆቹ ይረዷታል አይረዷትም እያልኩ ስጨነቅ፣ ሰውዬው ከግድግዳው ወዲያ እየዳኸ ነበር።»

«እስቲ ይነሱልኝ።»

ፓንግ ጠረጴዛውን ጨብጣ ሞከረች፤ ግማሽ ድረስ ብድግ ብላ ተመልሳ ወደቀች። «ጠዋት ልጆች ደግፈው ነው ያስገቡኝ። ለዚህ እኮ ነው ፈታኝ ያልሆንኩት።»

ምክትል ርዕሰ መምህር ጓን ቸንግዬ መሰብሰቢያ ክፍሉ ውስጥ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ያቺ ልጅ ናት። ስገባ አጠገቡ ተንበርክካ ነበር፣ እጇ በደም ተለውሷል። ትናንትም ኮሪደር ላይ ስትጮህበት ስንት ሰው ሰምቷል። ቲያን ቺዩሄ ትባላለች፤ ከገጠር የመጣች አዳሪ ተማሪ ናት።»

«ከዚያ በፊት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ፈተና ሕንፃው ውስጥ። የፈተናው ተቆጣጣሪ እኔ ነኝ፤ ኮሪደር ለኮሪደር እዞራለሁ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«በማዳመጥ ሰዓት ማን ሊያየኝ? በሩ ሁሉ ዝግ ነው፣ ፈታኙም ከወንበሩ አይነሳም። እኔ ራሴ የቆዳ ጫማዬ እንዳይንኳኳ አውልቄ በእጄ ይዤ፣ በካልሲ ነው የሄድኩት። ማዳመጡ እስኪያልቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ሲያልቅ ጫማዬን አደረግሁና ለጉዳይ ወደ መምህር ሉ መጣሁ። ልጅቷን ያገኘኋት ያኔ ነው።»

«ስለዚህ እዚህ ሲደርሱ ማዳመጡ አልቆ ነበር?»

«እንዴታ! ማዳመጥ እኮ መጀመሪያ ነው የሚመጣው። እርስዎም በጊዜዎ የተፈተኑ ይመስለኛል» አለ ፈገግ ብሎ።

«ተፈትኛለሁ። ድምፁስ እንዴት ነበር?»

«ጥርት ያለ! አዲሱን መሣሪያ ያስገዛሁት እኔ ነኝ።»

ሹዌ አመስግናው ወጣች።

ተማሪዋ ዕቃ ቤት ውስጥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ሹዌ ከኋላዋ በስሟ ጠራቻት። አልዞረችም። ደግማ ጠራቻት፤ አሁንም አልዞረችም። ሹዌ ዞራ ከፊቷ ተቀመጠች።

«አልሰማሽኝም?»

«ሲያወሩ ወደ እኔ ይዙሩልኝ አክስቴ!» አለች ቺዩሄ፤ ድምጿ ጠባቧን ክፍል ሞላት። «ከንፈርዎን ነው የማነበው። ከጮህኩ ይቅርታ፣ የራሴን ድምፅ መለካት አልችልም።»

«ለምን አልተፈተንሽም?»

«ሽንት ቤት ሆኜ ደወሉን አልሰማሁም። ስደርስ በሩ ተዘግቷል። የዘገየ አይገባም፣ ደንብ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኋላ መምህር ሉ ቢለምኑልኝ ብዬ መጣሁ። እጃቸውን ስይዘው ቀዝቅዟል።»

«ትናንት ለምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም! እኔ ስናገር ለሰው ሁሉ ጠብ ይመስለዋል።» እጆቿን ጉልበቷ መሐል ደበቀች። «መስማት ለማይችል ተማሪ የማዳመጡ ክፍል ይቀርለትና ነጥቡ ከንባቡ ተሰልቶ ይሰጠዋል። በንባብ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ። አመለከትኩ፣ አይገባሽም ተባልኩ። የሦስት ወንድ ተማሪዎች ግን አለፈ።»

«እነሱም አይሰሙም?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «መምህር ሉ ትናንት በምሳ ሰዓት ከኋላቸው ቆመው በሹክሹክታ ‹ዛሬ የአሳማ ሥጋ ወጥ በነፃ ይጨመራል› አሉ። ሦስቱም ሳህናቸውን ይዘው ብድግ!» ሳቋ ወዲያው ሞተ። «የአለቆች ልጆች ናቸው። ከአንድ ትምህርት ቤት ብዙ ሰው ከሆነ ጥርጣሬ ያመጣል ብሎ እኔን የሰረዘኝ ምክትሉ ነው። መምህር ሉ ዛሬ ሊያናግሩት፣ እምቢ ካለም ለክፍለ ሀገሩ ሊያመለክቱ ነበር። እኔ ነኝ ይተዉት ያልኳቸው። መዘዙ ለእርስዎ ይተርፋል፣ ይቅርብኝ እያልኩ ነው የጮህኩት።»

ሹዌ ለመነሳት ስትል ልጅቷ እጅጌዋን ያዘች።

«አክስቴ፣ ከታሰርኩ የሚመጣው ሳምንት ፈተና ያልፈኛል?»

«ያልፍሻል» አለች ሹዌ። ሌላ የምትለው እውነት አልነበራትም።

የፈተናው ማብቂያ ደወል እንደተደወለ ሹዌ ወደ ፈተና ሕንፃው ሄዳ እስከ ላይ ወጣች። ሦስተኛ ፎቅ ግድግዳው እየታደሰ ስለነበር የኮሪደሩ ወለል የኖራ ብናኝ ለብሷል። ስትወርድ የድምፅ ክፍሉን ሠራተኛ ጋሽ ኒዩን ላብ በላብ ሆኖ ደረጃው ግርጌ አገኘችው፤ ጥቂት አነጋገረችውና ይዛው ተመለሰች።

ከዚያ ሁሉንም መሰብሰቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጓን በቦታው ነበር። ፓንግ ተደግፋ መጣች። ርዕሰ መምህሩ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ መስኮቱ ሥር ቆመ። ቺዩሄን ሹዌ ከራሷ ፊት ለፊት አስቀመጠቻት።

«መምህር ሉን የገፋው ሰው ፊቱ ቆሞ፣ በሁለት እግሩ ረግጦ፣ በሙሉ ኃይሉ ነው የገፋው» ብላ ጀመረች። «መምህርት ፓንግ ያለ ድጋፍ መቆም አይችሉም። እሳቸውን እንተዋቸው። ጋሽ ኒዩ፣ ፈተናው ሲጀመር የሆነውን ይንገሩን።»

ሽማግሌው ቆቡን ጨመቀ። «መሣሪያው ተንጫጫ። አዲሱ መሣሪያ። ቃል የሚባል አይሰማም፣ ጩኸት ብቻ። እንዲህ ሲሆን ልጆቹ በንባብ ይጀምሩና ማዳመጡ መጨረሻ ላይ ይሰማል። ይህን ማዘዝ የሚችለው ምክትሉ ነው። ፎቅ ለፎቅ እየሮጥኩ ፈለግኋቸው፣ የሉም። በመጨረሻ በራሴ ኃላፊነት በየክፍሉ እያንኳኳሁ ‹ንባቡን ሥሩ› አልኩ።»

«ሲገቡና ሲወጡ ውጭ ደረጃው ላይ ማንን አዩ?»

«ይቺን ልጅ። ተቀምጣ ታለቅሳለች። በሩን ክፈትልኝ አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ደንብ ነው፤ አልፌያት ሄድኩ።»

«መምህር ሉ በተመታበት ሰዓት ቺዩሄ ደረጃው ላይ ነበረች ማለት ነው» አለች ሹዌ። «የቀረን አንድ ሰው ነው። ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ማዳመጡ እስኪያልቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር ብለውኛል። እኔ እዚህ የደረስኩት ሬሳው ከተገኘ በኋላ ነው። ጥበቃው ሞተር አጥፊ ያለኝ ማዳመጡ ያኔ እየተሰማ ስለነበር ነው። እርስዎ አልቆ ነበር ባሉበት ሰዓት ገና አልተጀመረም።»

የጓን ሻይ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። «ተሳሳትኩ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ስለሆነ… ከልማድ…»

«ትክክል። እዚያ የነበረ ሰው ያየውን ይናገራል። ያልነበረ ሰው የለመደውን ይናገራል። ጫማዎን ያውልቁልኝ።»

ሰውዬው አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አንዱን አወለቀለት። ጥቁሩ ካልሲ በውስጥ እግሩ በኩል እንደ አዲስ ንጹሕ ነበር።

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ በካልሲ የሄደ ሰው እግሩ ኖራ በኖራ ይሆን ነበር» አለች ሹዌ። «ኮሪደሩ ሰው የማይኖርበትን ሰዓት መርጠው ወደ መምህር ሉ መጡ። ስለ ሦስቱ ልጆች ነገረዎት። ገፉት። የማዳመጡ ጊዜ አለፈ ብለው እስኪያስቡ የሆነ ቦታ ቆዩና ሬሳውን ‹ለማግኘት› ተመለሱ። ልጅቷ ቀድማዎት ነበር፤ ያን ጊዜ ደስ ብሎዎት መሆን አለበት።»

«ልገድለው አልነበረም!» አለ ጓን። «ገፋሁት እንጂ… ይነሳል ብዬ ነው!»

«ሲዳኽ አላዩም?»

«አየሁ» አለ ድምፁ ወርዶ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩን ተመለከተና ብድግ አለ። «ግን ማዳመጥ ላይ ነበሩ! አምቡላንስ ብጠራ ሳይረኑ የስንት መቶ ልጆችን ነጥብ ይዞ ይሄድ ነበር! የዓመት ልፋታቸውን! እዚህ ካላችሁት ማን ይጠራ ነበር? እስቲ ንገሩኝ!»

ርዕሰ መምህሩ ወለሉን ያይ ነበር። ሹዌ ፊቱን ስታየው ጥያቄውን የምር እያሰበበት መሆኑ ገባት።

«ማዳመጥ ላይ አልነበሩም» አለች። «ድምፅ ማጉያው ጠፍቶ ነበር። አምቡላንሱ መጥቶ፣ ሰውየውን ወስዶ፣ ገና አንዲት የማዳመጥ ቃል ሳትሰማ ይመለስ ነበር።»

ፖሊሱ ጓንን በአንድ እግር ጫማው እንደሆነ ይዞት ወጣ።

ቺዩሄ ሁሉንም ከሹዌ ከንፈር ላይ አንብባ ነበር። ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረች።

«የእኔ ማመልከቻስ?»

ርዕሰ መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞሮ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«ወደ እኔ ዞረው ይንገሩኝ» አለች በዚያ ከፍ ባለ ድምጿ።

ዞረ። ከንፈሩን እያላቀቀ፣ ቀስ ብሎ ደገመላት። «ጊዜው አልፏል። መዝገቡ ተዘግቷል። ማዳመጡን እንደ ሌላው ትፈተኛለሽ።»

«የሦስቱስ?»

«ከክፍለ ሀገሩ ጸድቆ መጥቷል። ከፈተናው በፊት ማንም አይሰርዘውም።»

ሹዌ አንድ ነገር ለማለት ፈለገች። ነፍሰ ገዳይ መያዝ ትችላለች፤ ለዚህ ግን ሥልጣን የላትም። ቺዩሄ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ይህን ቀድማ የምታውቅ ይመስል ነበር።

«የዛሬው ጥያቄ ወረቀት ትርፍ አለ?» አለች። «ንባቡ አምልጦኛል።»

ፓንግ ሊሮንግ ቀና ሳትል የራሷን ቅጂ ከእርሳስ ጋር በጠረጴዛው ላይ ገፋችላት።

«ውጤቱ አይያዝላትም» አለ ርዕሰ መምህሩ።

ቺዩሄ የፈሰሰውን ሻይ በእጅጌዋ ጠርጋ ስሟን ጻፈች። የማዳመጥ ጥያቄዎቹን ገጾች አንድም ሳታያቸው ገልብጣ አለፈችና ማንበብ ጀመረች።