ከበረንዳው በላይ

ጎህ ሲቀድ ሸራው ወረደ።

በድሮው ባንክ የጎን ግድግዳ ላይ የተሳለው ዓሣ ነባሪ ሙሉ አካሉን አሳየ። ሽማግሌው በማኦሪ ቋንቋ ጸሎታቸውን ጨረሱ። ሰዉ ተሰልፎ ሠዓሊውን ሄሚ ፓራታን ሰላም ይል ጀመር። በማኦሪዎች ወግ፣ ግንባር ለግንባር፣ አፍንጫ ለአፍንጫ፣ ቀኝ እጅ በቀኝ እጅ።

የ«እርግብ» ተራ ደረሰ።

«እርግብ» የምስጢር ስሟ ነው፤ ኔፒየር ከተማ ውስጥ የምትታወቀው ሪታ ተብላ ነው። ጎብኚዎችን በአሮጌው መሀል ከተማ እያዞረች ሕንፃና የግድግዳ ሥዕል ታሳያለች። የመንግሥት ሰላይ መሆኗን ከሄሚና ከአለቃዋ ከግራንት በቀር የሚያውቅ የለም።

ግንባራቸው ተነካካ። ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ከሄሚ መዳፍ ወደ እሷ መዳፍ አለፈች። ነጋዴው ኮሪጋን በኮንቴይነር አደንዛዥ ዕፅ ሲያስገባ ሄሚ በስውር የቀረጸው ቪዲዮ ነው። ኮሪጋን ይህን ከሰማ ሄሚን በሕይወት አይተወውም።

«የሚያሸሸኝ መኪናስ?» አለ ሄሚ በሹክሹክታ።

«ከቲያትር ቤቱ ጀርባ። ግራጫ። ሹፌሩ የእኛ ነው።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ፈገግ ብሎላት ሄደ። ያን ፈገግታ ባታየው ይሻላት ነበር።

ሪታ ጣሪያ ጣሪያውን ትቃኝ ጀመር። እዚህ የኖረ ሰው አመሉ ይኸው ነው። ከተማዋ የምድር መንቀጥቀጥ ካወደማት በኋላ ባንድ ጊዜ የተሠራች ናት። ታች የሱቁ በር በየጊዜው ይቀያየራል፤ ከበረንዳው በላይ ግን ግድግዳው ላይ የተቀረጸው የፀሐይ ጨረርም ዚግዛግም እንዳለ ነው። ሪታም ጎብኚዎቿን «አንገታችሁን ቀና አድርጉ፤ ታች ያለውን እርሱት» ስትል ኖራለች። በገዛ ምክሯ ተጠለፈች። ተኳሽ ካለ ላይ ነው ብላ ሰገነት ስትፈትሽ፣ መሪ የጨበጠውን ሰው አላየችውም።

ያየችው መኪናው ሲታጠፍ ነው።

ዴል። የኮሪጋን ቀኝ እጅ።

ሄሚ ከኋላ ተቀምጧል።

ሮጠች። አንድ እጅ ክንዷን ያዛት። ግራንት ነበር፤ በሌላው እጁ የተገመጠ የሥጋ ፓይ ይዟል።

«ሰው እያየሽ ነው። ተረጋጊ።»

«ሄሚን ሸጥከው።»

«ለወጥኩት። ኮሪጋን ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ሰው ነው። ባሕር ማዶ ያሉትን ጌቶቹን ይሰጠናል። የጠየቀን ሄሚንና ካርዷን ብቻ ነው። አምጫት።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ሥራውን ያስተማራት ግራንት ነው። ትዳሯ ሲፈርስ ከቤተሰቡ ጋር ያስጠጋትም እሱ ነው። ፊቷ አልተለወጠም፤ ይህንንም ያስተማራት እሱ ነበር።

ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን ፈተሸች። እዚያው ውስጥ ካርድ ከካሜራዋ ነቅላ ሰጠችው። ግራንት ኪሱ የከተተው የበርና የመስኮት ፎቶ ነበር።

ዞር እንዳለ ስሟን ሳትናገር ፖሊስ ጋ ደወለች፤ የመኪናውን ሰሌዳ ነገረች። መኪናው የወንዙ አፍ ላይ ባዶውን ተገኘ። እውነተኛዋን ካርድ ዌሊንግተን ላለች ዓቃቤ ሕግ በእጇ አደረሰች። ኮሪጋንም ዴልም ታሰሩ። ግራንትም ከቢሮው በካቴና ወጣ። የሄሚን አስከሬን ግን ባሕሩ ጠጠራማው ዳርቻ ላይ መለሰው።

ዓቃቤ ሕጓ አንድ ነገር አስጠንቅቃታለች። ፍርዱ ሳያልቅ የሪታ ሰላይነት ከወጣ ክሱ ይፈርሳል፤ ገዳዮቹም ይለቀቃሉ። ስለዚህ ከተማዋን ከመልቀቋ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ጎብኚዎቿን ይዛ ወጣች፤ ሥራዋን ሳትጨርስ ብትጠፋ ሰው ይጠረጥራል።

ከዓሣ ነባሪው ሥር አክስት ሜሬ ቆመዋል፤ ሄሚን ያሳደጉት።

«አጠገቡ ነበርሽ አሉኝ፣ ልጄ። ከማን ጋር እንደሄደ አላየሽም?»

«አላየሁም፣ አክስቴ።»

«እሱ እንደሆነ ያን ሰሞን ጥላውን ይጠራጠር ነበር። ዝም ብሎ መኪና አይገባም። የሚያምነው ሰው ነው ግባ ያለው።»

አክስት ሜሬ የሪታን እጅ ዳበስ አደረጉላትና ጎብኚዎቹ እንዳይጠብቋት መንገድ ለቀቁላት።

የዚያኑ ቀን አውቶቡስ ተሳፈረች። ጎኗ የተቀመጠችው ሴትዮ ስሟን ስትጠይቃት አፏ ላይ የመጣላትን ሌላ ስም ነገረቻት።