አራተኛው ቀበቶ

ድንጋይ ፈላጩ ወጣት ምሳው ከደብሩ ቅጽር ውጭ፣ ወይራ ሥር፣ በቃሬዛ ላይ ተጋድሟል። ገላው አልታጠበም፤ አልተገነዘም። ቄስ ገብረ ሊባኖስ መስቀላቸውን እንደያዙ ራቅ ብለው ቆመዋል። ጠዋት የድንጋይ ካባው ካቦ ቅጣው ያመጣው ወሬ እጃቸውን ይዞታል፤ ልጁ የደኅንነት ቀበቶውን አውልቆ ሰቀለና ከገደሉ ራሱን ወረወረ። ነፍሱን በእጁ ላጠፋ ደግሞ ፍትሐት የለም።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዋ አመተ ሥላሴ ከሰቆጣ የደረሰችው ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ኅዳር 1997 ዓ.ም. ነው። ቄሱን እጅ ነስታ ቃሬዛው አጠገብ ተንበረከከች።

ቅጣው ከኋላዋ መጣ። «ከቢሮ ስትመጡ ጫማችሁ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው» አላት።

«ዛሬ አቧራ ይለብሳል። ለምን ሞተ ትላለህ?»

«ወንድሙ አረብ አገር ከሄደ ወዲህ ሰው አያናግርም ነበር። ሳያውቅ ወደቀ እንዳልል ሠልጥኗል። ወረቀቱ ይኸው።»

ወረቀቱ ላይ «ጥቅምት 25፣ የከፍታ ሥራ ሥልጠና» ተብሎ ስድስት ስም ተጽፏል፤ በየስሙ አንጻር ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የጣት አሻራ አለ። የምሳው ስም አራተኛ ነው።

«አንድም የፈረመ የለም?»

«ካባ ላይ ብዕር የሚይዝ ከየት ይመጣል?»

እሷ የሟቹን ሸሚዝ እያየች ነበር። ሸሚዙ በድንጋይ ብናኝ ነጥቷል፤ ወገቡ ዙሪያ ግን አራት ጣት የሚሰፋ መስመር ብናኝ አልነካውም።

የምሳው እናት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም፤ ልቅሶውም ፈቃድ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«ልጄ፣ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው» አሉ። «ከአባቱ አጠገብ ይግባልኝ።»

«እማማ፣ ምሳው መጻፍ ይችል ነበር?»

«አምስት ዓመት ቄስ ትምህርት ቤት ገብቷል። የመዶሻውን እጀታ እዪው፤ ስሙን ፈልፍሎበታል።»

«ጥቅምት ሃያ አምስት የት ዋለ?»

እናትየው በጣታቸው ቆጠሩ። «የባልንጀራው የየሻምበል እናት ማሳ ላይ። የእነሱ ወረድ ያለ ስለሆነ ገብሱ ቀድሞ ደረሰ። የኔ ገና ቆሟል። የሻምበል ካባውን፣ የኔው ልጅ አጨዳውን ያዙ፤ ወንፈል ነዋ፣ ቀን በቀን፤ የኔ ሲደርስ ደግሞ እሱ ይመጣል።»

አመተ ሥላሴ ማስታወሻዋን ዘጋች። ከዚያ ወደ ካባው ወጣች።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ስድስት አረንጓዴ ቀበቶዎች በቁጥር ተሰቅለዋል። እያንዳንዳቸው ፊት ለፊት ትልቅ የብረት ቀለበት፣ ጎናቸው ላይ በክር የተሰፋች ትንሽ የመዶሻ ማንጠልጠያ አላቸው። አራተኛው ላይ ማንጠልጠያዋ የለችም፤ የተበጠሰው ክር ብቻ ቀርቷል። ገደሉ አናት ላይ ወጥታ፣ ቁልቁል የተንጠለጠለውን ገመድ ሳበች። ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ጣት የምታህል አረንጓዴ ቁራጭ ነክሷል።

ስትወርድ የምሳውን ባልንጀራ የሻምበልን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቀኝ አውራ ጣቱን በግራ እጁ ያሻል።

«መጀመሪያ የደረስክለት አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ።»

«ቀበቶ ታጥቆ ነበር?»

«አልነበረም» አለ ቀና ሳይል።

«ጣትህ ምን ሆኖ ነው?»

«አምና መዶሻ ስቶኝ ነው። ተሰንጥቆ በዚያው ቀረ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ወይራው ሥር ሰበሰበቻቸው። ድምጿ ዝቅ ያለ ስለነበር ተጠጉ።

«አባ፣ ይህን ሸሚዝ ይዩልኝ። ብናኙ ሁሉን ሲያለብስ ወገቡን ዘሏል። ምሳው ሲወድቅ ቀበቶ ታጥቆ ነበር።»

«ቀበቶው እኮ ዕቃ ቤት ነው!» አለ ቅጣው።

«ከሞተ በኋላ የሰቀለው ሌላ ሰው ነው። ቀበቶው ማንጠልጠያ ይጎድለዋል፤ የጎደለውን መንጠቆው አፍ ውስጥ አገኘሁት።» ቁራጯን በመዳፏ ዘረጋች። «ገመዱ መያያዝ የነበረበት ከብረቱ ቀለበት ጋር ነው። ምሳው ግን ከመዶሻ ማንጠልጠያዋ ጋር አያያዘው። የሰው ክብደት ሲያርፍባት ተበጠሰች። ለመሞት የፈለገ ሰው ቀበቶ አይታጠቅም፤ ገመድም አያያይዝም።»

«ሠልጥኖ እንዴት ይሳሳታል?» አለ ቅጣው።

«አልሠለጠነም። በመዶሻው ላይ ስሙን የጻፈ ልጅ በጣቱ ለምን ይፈርማል? ሁለተኛውንና አራተኛውን አሻራ አስተያዩ፤ ሁለቱም መሐል ላይ ተሰንጥቀዋል። ሁለተኛው የየሻምበል ነው።»

የሻምበል ጣቱን ጨበጠ።

«ያን ቀን እሱ ያጭድልኝ ነበር» አለ። «ካቦው ‹ስድስት ጣት ካልሞላ ቀበቶ አይሰጡንም፤ የማንም ይሁን› አለኝ። ለሁለታችንም ፈረምኩ። ምሳው እስከ ትናንት ታች ነበር የሚፈልጠው። ዛሬ ጠዋት ‹ተራህ ነው፣ ውጣ› አለው።»

«ወረቀቱ ሠልጥኗል ይላላ» አለ ቅጣው።

«ወረቀቱን የሞላኸው አንተ ነህ» አለች አመተ ሥላሴ። «አንድ መቅረቱን እያወቅክ ስድስት ብለህ ዘጋኸው። ያላስተማርከውን ሰው ገደል ላይ አወጣህ። በሪፖርቴ የሚጻፈው ይኸው ነው።»

ቅጣው ዞር ብሎ ካባውን ተመለከተ።

«መጀመሪያ የደረስክለት አንተ ነህ። ቀበቶውን ለምን ፈታኸው?» ስትል የሻምበልን ጠየቀችው።

«የተበጠሰውን ሳይ ገባኝ። አሠልጣኙ ‹መዶሻ ማንጠልጠያዋን እንዳትነኳት› ብሎ ሦስት ጊዜ ነግሮናል። ለምሳው አልነገርኩትም። የአጨዳ ቀኑን ገና አልመለስኩለትም፤ የተማርኩትንም አላካፈልኩትም። ሰው እንዳያይብኝ ነው የፈታሁት። ራሱን ገደለ ይሉታል ብዬ በልቤም አላሰብኩ።»

«ሲሉስ ሰማህ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት። «ከጠዋት ጀምሮ ሰማህ።»

የሻምበል ወደ ዳር ፈቀቅ አለ።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ ወደ ቃሬዛው ሄደው መስቀላቸውን በምሳው ግንባር ላይ አሳረፉ። «ገላውን እጠቡት» አሉ። «ፍትሐቱ ይጀመራል።» እናትየው ያን ጊዜ አለቀሱ።

ሬሳው ተገንዞ ሲነሳ የቃሬዛው አንድ ጫፍ ሰው አጣ። የሻምበል ዳር ቆሞ ነበር፤ መቅረብ ፈርቷል። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«ያዝ እንጂ። የኔ ገብስ ገና ቆሟል፤ ሰኞም ማጭድህን ይዘህ ና።»